የበሽሎ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

ትርንጎ ባዬ የተሸለመችው በ2090 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አዳማ ውስጥ ነው። በአዳራሹ ሦስት መቶ ያህል ሰው ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ሰው መርከብ ላይ ወጥታ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በዚያ ዘመን ይህ ማንንም አያስገርምም። መርከቦቹ የሚነዱት ከአዳማ ነው። አንድ ካፒቴን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አርባ መርከብ ይጠብቃል፤ ሲርበው ከምድር ቤቱ ሽሮ ያስመጣል፤ ፈረቃው ሲያልቅ በአውቶቡስ ቤቱ ይገባል። ባሕር ጨው መሆኑን ያውቃል እንጂ ቀምሶት አያውቅም።

የሽልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፍስሐጽዮን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ኢንጂነር ትርንጎ ባዬ፣ በሽሎ በተባለችው መርከብ ላይ ላበረከቱት የላቀ የቴክኒክ አገልግሎት። የመርከቧ ሞተር በቆመ በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ውስጥ መልሶ እንዲነሳ በማድረግ መርከቧን፣ ሃያ አራት ሺህ ኮንቴነር ጭነትና በሰርጡ ዳር የሚገኘውን የውሃ ጣቢያ ከጥፋት አድነዋል። በተለይም በዚያ ጭንቅ ሰዓት የድምፃቸው እርጋታ ለሙያው ሁሉ አርአያ ሆኖ ተገኝቷል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ አለና የገዛ ድምፅዋን አሰሟት።

«ወደ ግራ ታጠፍ። ሁለተኛው ፓምፕ። ቫልቩን ዝጋው። ቀስ በል፤ ጊዜ አለን።»

ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ድምፁ በእርግጥም የረጋ ነበር። እሷ ራሷ ስትሰማው የሌላ ሰው መሰላት። «ጓርኒሲዮኑን አውጣው። አዲሱን አስገባ። ብሎኖቹን በየተራ እሰር።» ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች። ቀጥሎ የመጣው ግን እሱ አልነበረም። ድምፁ ሳይደናቀፍ አለፈና «ሞተሩ ተነሥቷል» አለ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

በመካከሉ ቆርጠው አውጥተውታል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ የነበረውን የባልደረባዋን የእንድሪስን ድምፅ እንዳለ አውጥተውታል፤ ከእሷም ድምፅ አንዲት ጥያቄና አንዲት ቃል ወስደዋል።

ተጠርታ ወጣች። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። በኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ካቃታት ነገር ሁሉ ይህች ቃል አንዷ ናት።

ትርንጎ የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ኮምቦልቻ ነው የተወለደችው። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ጠጋኝ ነበሩ፤ ማሽን ሲታመም በጆሮ መስማትን ከእሳቸው ለመደች። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ «እኔ ያገባሁት ፎቶግራፍ ነው» ብሎ ትቷት ሄደ። አልፈረደችበትም። በዓመት አሥር ወር ባሕር ላይ ነበረች።

በሽሎ አራት መቶ ሜትር ትረዝማለች። የሚኖሩባት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ትርንጎና እንድሪስ ይማም። እሱም የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። አንዱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሲነቃ ሌላው ይተኛል። የሚገናኙት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንዱ ቁርሱን ሲበላ ሌላው እራቱን ይበላል። ቀን ቀን መርከቧ ጀርባ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ብረቱ ጫማ ያቀልጣል።

ሁለቱም እጃቸው ላይ ቃል ቆጣሪ ያስራሉ። ባሕር ላይ ያለ ሰው በቀን ቢያንስ አራት መቶ ቃል ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር አለበት፤ ደንብ ነው። ካነሰ ከአዳማ ሐኪም ይደውላል፤ ሦስት ቀን ካነሰ ከመርከብ ያወርዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት አራት መቶ ቃል ለቁርስ እንኳን አይበቃቸውም ነበር። በአራተኛው ዓመት ወሬው አለቀ። ስለ አባቷ ማሽኖች ተናግራ ጨረሰች፤ እሱም ስለ ሚስቱ ስለ ዘይነባና ስለ ሁለት ልጆቹ ተናግሮ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ሲያንስባቸው የመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር ይነባበቡ ነበር።

«ብሎን፣ አሥራ ስድስት ሚሊ፣ መቶ ሃያ ፍሬ» ይላል እንድሪስ ቁርሱን እያኘከ።

«አለ» ትላለች እሷ።

«ጓርኒሲዮን፣ ለነዳጅ ፓምፕ፣ አራት ፍሬ።»

«ሦስት ነው ያለው። አንዱን ኅዳር ላይ ቀይረነዋል።»

«አየሽ እታለም፣ ተጨዋወትን።»

ለአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከወንድሞቿ ከማናቸውም ጋር ይህን ያህል አልኖረችም።

የካቲት አሥራ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሽሎ ባብ ኤል መንደብን እያለፈች ሳለ የነዳጁ ፓምፕ ጓርኒሲዮን፣ መገጣጠሚያው እንዳያፈስ የሚያሽገው ቀለበት፣ ተበጠሰ። ነዳጁ አሞኒያ ነው፤ አንድ ጊዜ በሙሉ ሳንባ ከሳቡት ሁለተኛ መሳብ የለም። ጋዙ የሞተሩን ክፍል ሲሞላ በሮቹ በራሳቸው ተቆለፉ፤ ሞተሩም በራሱ ቆመ። ነፋሱ መርከቧን ወደ ምሥራቅ ይገፋት ጀመር። በምሥራቁ ዳር ከባሕር ውሃ ጨው እያወጣ ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚያጠጣ ጣቢያ አለ፤ ቧንቧዎቹ በባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግተዋል።

በዕለቱ በሽሎን የሚጠብቀው ካፒቴን ምንተስኖት የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ድምፁ ከአዳማ መጣ።

«በአርባ ስድስተኛው ደቂቃ ትመታላችሁ። በአርባኛው ካልተነሣ ማዞር አይቻልም።»

ትርንጎ ተኝታ ነበር፤ ባዶ እግሯን ሮጣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደረሰች። እንድሪስ የጋዝ ልብሱን አጥልቆ የአየር ጠርሙሱን ጀርባው ላይ እያሰረ ነው። አንድ ሰው መግባት አለበት። አንድ ሰው ደግሞ ውጭ መቅረት አለበት፤ የጋዝ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ ሞተሩ የሚነሣው በእጅ ብቻ ነው።

«እኔ ልግባ» አለች።

«ያንቺ ጆሮ ይሻላል» አላት። «እኔ ብሎን አስራለሁ፤ አንቺ ስሚው።»

ለክርክር የሚበቃ ጊዜ አልነበረም። በስምንተኛው ደቂቃ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

የጠርሙሱ አየር ሊያልቅ ሲል ያፏጫል። ፉጨቱ ሲጀምር የስድስት ደቂቃ አየር ይቀራል፤ ከፓምፑ እስከ በሩ ያለው ሦስት ፎቅ የብረት ደረጃ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ፉጨት ከሰማህ የያዝከውን ጥለህ ውጣ። እንድሪስ ይህን ደንብ ለሌሎች ያስተማረ ሰው ነው።

በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ አፏጨ።

«እታለም፣ ጀመረ» አለ እንድሪስ። «ልውጣ?»

«ስንት ብሎን ቀረህ?»

«ሦስት።»

ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ጠርሙስ ቀይሮ፣ ተመልሶ ለመግባት አሥራ አራት ደቂቃ ያስፈልገዋል። የቀራቸው ስድስት ነው። ትርንጎ በሌላኛው መስመር አዳማን ጠየቀች።

«ካፒቴን፣ ምን ላድርግ?»

ምንተስኖት አንድ ነገር ሲያገላብጥ ተሰማ። ከዚያ ከፊቱ ካለው ጽሑፍ ላይ እንደሚያነብ ሰው፣ «ይህ ዓይነቱ ውሳኔ መርከብ ላይ ላለው ሰው የተተወ ነው» አላት።

እንድሪስ «ሦስት» ካለ ሃያ ሁለት ሰከንድ አለፈ። በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ ብታይ የውሃ ጣቢያው ጭስ ማውጫዎች ነጭ ሆነው ቆመዋል።

«ጨርሰው» አለችው።

«እሺ» አለ እንድሪስ።

በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ሞተሩ ተነሣ። በሽሎ ቧንቧዎቹን በሁለት መቶ ሜትር አልፋ ዞረች። ትርንጎ ማስነሻውን እንደያዘች ሁለት ደቂቃ መቆየት ነበረባት፤ አለዚያ መልሶ ይጠፋል። ከዚያ ልብሷን አጥልቃ ገባች። እንድሪስን ሁለተኛው ፎቅ መሻገሪያ ላይ አገኘችው። ደረጃውን ከግማሽ በላይ ወጥቶታል።

ጣቢያው በሚያጠጣው ከተማ የዚያን ቀን ማታ ሰዎች ቧንቧ ከፍተው ውሃ ቀዱ። ምን እንደሆነ የሰማ አልነበረም።

የድርጅቱ ምርመራ ሁለት ወር ፈጀ። ስለ እንድሪስ የተጻፈው አንድ አንቀጽ ነው። «ሟቹ የአየር ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ በራሱ ፈቃድ በመቆየቱ የደኅንነት ደንቡን ተላልፏል።» ደንብ የተላለፈ ሰው ስሙ አዳማ በሚገኘው የመርከበኞች ግድግዳ ላይ አይቀረጽም። አልተቀረጸምም። ትርንጎ ለመርማሪዎቹ የሰጠችው ቃል እውነት ነበር፤ ጽፈው ባመጡላት ወረቀት ላይ ግን «ጨርሰው» የምትለዋ ቃል አልነበረችም። እንቅልፍ ካጣች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ፈረመች።

ከሽልማቱ በኋላ ምሳ ላይ ምንተስኖት አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። በአካል ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከድምፁ ይልቅ ቀጭን ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አላት።

«ያቺን ቃል ማን ነው ያወጣት?»

ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ አይደለሁም። ግን ስትወጣ አውቄያለሁ።» ቀጥሎም፣ «ትእዛዝ አለ ከተባለ፣ ለምን ታዘዘ፣ ማን ፈቀደ ይባላል። እኔም እጠየቃለሁ፤ ድርጅቱም። ትእዛዝ ከሌለ ግን…» አለና ተወው።

«ትእዛዝ ከሌለ የሞተው ሰው ነው ጥፋተኛው።»

«ኢንጂነር፣ ድምፅዎን ሊወስዱት መሆኑን ነግረውዎታል?»

አልነገሯትም። እሱ ነገራት። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ በእያንዳንዱ መርከብ ላይ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አራት መቶ ቃሉን የሚነጋገረው ከመርከቡ ጋር ይሆናል። መርከቡ የሚናገርበት ድምፅ ሲፈለግ ቆይቶ፣ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ የእሷን መረጠ። በውሏ አንቀጽ አሥራ ሰባት መሠረት መርከብ ላይ የተናገረችው ሁሉ የድርጅቱ ነው።

«ሰዉ ይታዘዘዋል» አለ ምንተስኖት ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «ሞክረውታል። በእርስዎ ድምፅ ሲነገረው ሰው ይታዘዛል።»

በማግስቱ ትርንጎ ወደ ኮምቦልቻ በባቡር ሄደች።

የእንድሪስ ቤት ከፋብሪካው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ዘይነባ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊት ለፊቷን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች። ያን ሰሞን ሱቁ ተዘግቷል። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ከቤት አትወጣም፤ ዘይነባ ሊጠናቀቅላት አሥራ አምስት ቀን ያህል ቀርቷታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከትርንጎ ጋር በስክሪን ሰላም ተባብለዋል፤ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። አስከሬኑ ሲመጣ ትርንጎ በምርመራ ላይ ስለነበረች ከአዳማ እንድትወጣ አልተፈቀደላትም።

«ቆየሽ» አለቻት ዘይነባ በሩን ከፍታ።

«አዎ፣ ቆየሁ።»

«ግቢ። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድኩ።»

ሻይ አቀረበችላት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ተነጋገሩ። ትርንጎ በባቡሩ ውስጥ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ዘይነባ ተነሥታ ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ አወጣችና ከፊቷ አስቀመጠችው። የድርጅቱ ማኅተም አለበት።

«ይኸንን አንብቢው።»

«አውቀዋለሁ።»

«‹በራሱ ፈቃድ› ይላል።» ዘይነባ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። «እንድሪስ ሳይጠይቅ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ኖርን። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ እንኳን እበሩ ላይ ቆሞ ‹ልውጣ?› ይላል። እናቱ ናቸው ያስለመዱት። እኔ እስቅበት ነበር፤ ውጣ አልያዝኩህ እለዋለሁ። ግን ሳልመልስለት አይወጣም።» ደብዳቤውን አጠፈችው። «ስለዚህ ይህን ሳነብ ጠይቋል አልኩ። ፉጨቱን ሲሰማ ጠይቋል። ማን ምን ብሎ እንደመለሰለት ነው ያጣሁት።»

ትርንጎ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የመለስኩለት።»

«ምን ብለሽ?»

«ጨርሰው አልኩት።»

ዘይነባ ተነሥታ ወደ ሱቁ ገባች። ትርንጎ የልብስ ስፌት መኪናው ወንበር ሲሳብ ሰማች፤ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሰዓቱን አላየችም፤ ብርጭቆው ላይ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ። መሄድ እንዳለባት አሰበች፤ መሄድ ደግሞ ሁለተኛ ጥሎ መሄድ መሰላት። ተቀመጠች።

ዘይነባ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ያህል ቀርቶት ነበር?»

«ሦስት ብሎን።»

«ሦስት» አለች። «ባይጨርሰውስ?»

ትርንጎ ነገረቻት። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቧንቧዎቹ፣ ስለ ሁለት ሚሊዮኑ ሰው። እየተናገረች ሳለ ድምፅዋ ያው የረጋው ድምፅ መሆኑ ተሰማትና አፈረችበት፤ ሌላ ድምፅ ግን አልነበራትም።

«የከተማው ሰዎች ስሙን ያውቁታል?»

«አያውቁትም።»

«አንቺንስ ሸለሙሽ አሉ።»

«ትናንት ነው። ዘይነባ፣ ይቅር በይ…»

«እሱን አሁን አትጠይቂኝ» አለች ዘይነባ። «አዎ ብልሽ ውሸት ነው። እምቢ ብልሽም ምናልባት ውሸት ነው። አላውቀውም ገና።» መጥታ ተቀመጠች። «እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ። ከገባ ጀምሮ እስከ መጨረሻው። ጠየቅኋቸው፤ ተዘግቷል አሉኝ።»

ትርንጎ ያንን ታውቃለች። ምርመራው የተዘጋ ቅጂ የሚከፈተው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የፈረመ ምስክር ቃሉን ሊለውጥ ሲመጣ። ቃሏን የለወጠች መሐንዲስ ደግሞ ባሕር አትመለስም፤ የሐሰት ወረቀት ፈርማለችና። ያላት ሙያ ይኸው ነው። ከሞተር ድምፅ በቀር የምታውቀው ነገር የለም።

«ዒዳሽን ስትጨርሺ» አለቻት፣ «አዳማ ትመጫለሽ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ትርንጎ ቃሏን ልትለውጥ ስታመለክት የተጠራው ጉባኤ ሐምሌ አሥራ አራት ቀን አዳማ የተቀመጠው በሦስተኛው ፎቅ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። አቶ ፍስሐጽዮን፣ ሁለት የድርጅቱ ሰዎችና አንዲት ጸሐፊ ነበሩ። ምንተስኖት ሳይጠራ መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ዘይነባ ጥቁር ሻሿን አስራ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

«ኢንጂነር ትርንጎ» አሉ አቶ ፍስሐጽዮን፣ «ቃልዎን ከለወጡ የሚመጣውን ያውቃሉ። ሽልማቱም ይነሣል፤ ፈቃድዎም ይሰረዛል። ለሟቹ የሚጨምርለት ነገር ቢኖር በግድግዳው ላይ አንድ መስመር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልውጣ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጨርሰው አልኩት። የጨረሰው ታዝዞ ነው። ሽልማቱ የተጻፈለት ሥራ የእሱ ነው፤ ብሎኖቹን ያሰረው እሱ ነው። እኔ ተናገርኩ እንጂ አልሠራሁም።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ምንተስኖት ከጥጉ፣ «እኔም ምስክር ነኝ» አለ። «ጠይቃኛለች። አልመለስኩላትም።» የድርጅቱ ሰዎች ዞረው አዩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። የእንድሪስ ይማም ስም በነሐሴ ወር በግድግዳው ላይ ተቀረጸ፤ ከሥሩም «ለላቀ የቴክኒክ አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ። የትርንጎ ፈቃድ ተሰረዘ። ምንተስኖት ከወንበሩ ተነሥቶ መዝገብ ቤት ተመደበ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም፤ ጉባኤው በተቀመጠበት ቀን በስልሳ ሁለት መርከቦች ላይ ተጭኖ ነበርና፣ ማውረዱ አሠራሩን ያቋርጣል ተባለ። ዛሬም በየባሕሩ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ጠዋት ሲነቃ እሷን ይሰማል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። ጸሐፊዋ የድምፅ ቅጂውን ከፈተች።

በመጀመሪያ የእንድሪስ ትንፋሽ መጣ፤ በአየር ጠርሙሱ ውስጥ የሚወጣና የሚገባ። ዘይነባ ቀና አለች። ከዚያ የእግሩ ድምፅ በብረት ደረጃው ላይ፤ ከዚያ ትርንጎ፣ «ወደ ግራ ታጠፍ።» እንድሪስ ቁልፉን ሲያዞር ከጉሮሮው መንዙማ ያንጎራጉራል። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ነው። የዘይነባ ከንፈር አብሮት ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን ታውቀዋለች።

ፉጨቱ ጀመረ።

«እታለም፣ ጀመረ። ልውጣ?»

«ስንት ብሎን ቀረህ?»

«ሦስት።»

ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ሁለቱ ሰከንድ በክፍሉ ውስጥ ረጅም ነበር። ትርንጎ ወለሉን እያየች ቆጠረችው።

«ጨርሰው።»

«እሺ።»

ቁልፉ እንደገና መዞር ጀመረ። መንዙማው ቆሟል፤ ትንፋሽ እየቆጠበ ነው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ብሎን ዘገየ፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሾለከበት። ከዚያ ያዘ። «አስነሺው» አለ። ከታች፣ ከመርከቧ ሆድ፣ ድምፁ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ከዚያ እኩል እየሆነ።

«እታለም፣ ድምፁ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ውጣ አሁን።»

«ጥሩ ከሆነ መጣሁ።»

እርምጃው ደረጃው ላይ ተሰማ። በፍጥነት ነበር፤ ከዚያ ዝግ አለ። ፉጨቱ ቀጠነና ጠፋ። ጥቂት እርምጃ ደግሞ። አንድ ነገር ብረቱን መታ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ብቻ ቀረ።

አቶ ፍስሐጽዮን መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጸሐፊዋ ምልክት ሰጡ። ጸሐፊዋ እጇን ልታነሣ ስትል ዘይነባ ተናገረች።

«አታጥፉት።»

«ከዚህ በኋላ ምንም የለም፣ እኅቴ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«እሱ ያስነሣው ነው እኮ የሚሰማው።»

ጸሐፊዋ እጇን መለሰች። የድርጅቱ ሰዎች ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። አቶ ፍስሐጽዮን ጥቂት ቆመው እሳቸውም ወጡ፤ ምንተስኖትም ተከትሎ ወጥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላቸው። ትርንጎ ከምስክር ወንበሩ ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም። ዘይነባ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ሳብ አደረገችላት። ተቀመጠች።

ሞተሩ ይመታል፤ አንድ ዓይነት፣ ሳይዛነፍ።

«በደንብ ነው የሠራው?» አለች ዘይነባ።

«በደንብ ነው የሠራው። እስከ ወደቡ ድረስ አልቆመም።»

«አንቺስ የገባሽው መቼ ነው?»

«በአርባ ሰባተኛው ደቂቃ። ይሰማል። ጫማዬ ይሰማል፤ ከዚያ ስጠራው ይሰማል።»

ዘይነባ ግድግዳው ላይ ወደሚሄደው የቅጂው ደቂቃ ቁጥር ቀና ብላ አየች። አርባ አንድ ይላል።

«ስድስት ደቂቃ» አለች። ሻሿን አስተካክላ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። «እንግዲያው እስክትመጪለት እንጠብቅሽ።»